ለሁሉም አንድ ቁጥር ጎማ

በእኛ ጊዜ ጎማ ማለት በክብ ብረት ዙሪያ የሚለበስ፣ ነፋስ የሚሞላ፣ ከመሬትና ከሰው መሐል ገብቶ የሁለቱንም ክፋት የሚችል ጥቁር ነገር ማለት ነው። አሁንስ ምን ተለወጠ ትሉኝ ይሆናል። በእኛ ጊዜ ይህን ጥቁር ነገር የሚመርጠው ሞተሩን የሚነዳው ሰው አልነበረም፣ ኮሚቴ ነበር። ኮሚቴ ማለት ደግሞ... ተውት፣ እሱን ስፈታ ይመሻል።

እና ይህን የማነሣው ስላናደድኸኝ ነው፣ እንዳላማው። የእህቴ ልጅ ባትሆን ዝም ብዬ አሳልፍህ ነበር። ጠዋት ያንን ጎማ በትከሻህ አንጠልጥለህ ስትገባ «ምንድን ነው እሱ?» አልሁህ። «የሞተሬ የኋላ ጎማ ነው ጋሼ፣ ወፈር ያለውን መረጥሁ፣ እንዴት እንደሚያምር አዩት?» አልኸኝ። ያምራል! ጎማ ለሰርግ ነው እንዴ የሚገዛ? «ቁጥሩስ?» ስልህ «አስራ ስምንት ነው፣ የድሮውም አስራ ስምንት ነበር» አልኸኝ። ይችን ቃል እኔ ፊት ደግመህ አታንሣት። አስራ ስምንት ብሎ የተከራከረኝ ሰው አለ፣ እስካሁን ሰላም አልለውም።

ተቀመጥ። አንቺም እናቱ ተቀመጭ፣ አንዴ የጀመርሁትን ልጨርሰው።

የጎማ ጎኑ ላይ ሁለት ቁጥር ተጽፏል። የኋለኛው ቁጥር ጎማው የሚለበስበትን ክብ ብረት፣ ቸርኬውን ማለቴ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር ስንት እንደሆነ ይናገራል። የፊተኛው ደግሞ የጎማውን ውፍረት ይናገራል። ታዲያ የኋለኛው ካልገጠመ ጎማው አይገባም። ይህ ደግ ነው፣ ሁሉም ያየዋል፣ ማንም አይከራከርህም። የፊተኛው ካልገጠመ ግን ጎማው ይገባል። ይገባና፣ ይነፋና፣ ያምርና፣ ከዚያ በኋላ ነው መንገድ ላይ ጉድ የሚያፈላብህ። ገባህ? ክፋቱ እዚያ ላይ ነው። የማይገባ ጎማ ሐቀኛ ነው።

እና እኔ ያን ጊዜ በወረዳ ግብርና የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርሁ። የወረዳውን ስም አልጠራም። ጋይንትም በለው፣ ስማዳም በለው፣ እስቴም በለው፣ ከዚያው አካባቢ ነው፤ መንገዱም እንደሆነ የሁሉም አንድ ነው። ገበሬው «ዶክተር» ይለኛል። ዶክተር አይደለሁም፣ ብዬ ብዬ ሰልችቶኝ ትቸዋለሁ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው፣ መሥሪያ ቤቶች እንደ አዲስ ሲደራጁ። ከዚያ በፊት በበቅሎ ነበር የምሠራው። ታዲያ ሞተር ሲመጣ በቅሎዋን «ከእንግዲህ አታስፈልግም» ብለው ሸጧት። እኔ «ትቆይ፣ በቅሎ ጎማ አትለውጥም» አልሁ። ሳቁ። እንዳላማው፣ እንዳንተው ነው የሳቁት።

ሁለት ሞተር ነበረ ግቢው ውስጥ። አንዱ ትልቅ ነው፣ ሰፊ ነው፣ የኃላፊው ነው። ኃላፊው አቶ አንዳርጌ ይባላል፤ ስብሰባ የሚወድ ሰው ነበር፣ ሰው ጠላ እንደሚወደው። ሌላው ትንሽ ነው፣ ቀጭን ነው፣ የእኔ ነው። የኃላፊው ሞተር የኋላ ጎማ አራት ስልሳ በአስራ ስምንት። የእኔ ሦስት ሃምሳ በአስራ ስምንት። አየህ? ቸርኬው እኩል ነው፣ ውፍረቱ ይለያያል።

የእኔ ጎማ አለቀ። እንዴት አያልቅ! ያን ድንጋይ፣ ያን ቁልቁለት ስመላለስበት ጥርሱ ጠፍቶ እንደ መላጣ ራስ ያበራ ጀመር። እና አመለከትሁ። «ሦስት ሃምሳ በአስራ ስምንት ይገዛልኝ» ብዬ አመለከትሁ። የኃላፊውም እያለቀ ስለነበር ግዥ ኮሚቴ ተጠራ። ሰብሳቢው ማን ነው? አንዳርጌ ራሱ። እኔም ማብራሪያ ስጥ ተብዬ ገባሁ።

አንዳርጌ ወረቀቴን አነበበና መነጽሩን አወለቀ። መነጽሩን ካወለቀ ነገር አለ ማለት ነው።

«ጓዶች፣» አለ፣ «እዚህ ላይ አንድ የአሠራር ችግር ይታየኛል። አንድ መሥሪያ ቤት ነን። ለአንዱ ባለሙያ አንድ ዓይነት ጎማ፣ ለሌላው ሌላ ዓይነት ጎማ ብንገዛ ነገ ምን ይባላል?»

«ምንም አይባልም፣ ሞተሮቹ የተለያዩ ናቸው» አልሁ።

«ቆይ። አድሎ ይባላል! ኃላፊው ለራሱ ወፍራም ገዝቶ ለባለሙያው ቀጭን ሰጠው ይባላል። እኔ ይህን አልቀበልም። እኔ የምበላው አንተ የማትበላው የለም።»

«አቶ አንዳርጌ፣ እኔ ቀጭኑን ነው የምፈልገው።»

«እሱ ትሕትናህ ነው፣ ጥሩ ነው። ግን አሠራር በትሕትና አይመራም።»

ቤቱ አጨበጨበ። እውነቴን ነው፣ አጨበጨበ! ለእኔ አዝነው፣ ለእኔ ተከራክረው፣ መብቴን አስከብረው። ሒሳብ ሹሙ ደግሞ ተነሣና «ቁጥሩን አይቸዋለሁ፣ የሁለቱም አስራ ስምንት ነው፤ ስለዚህ የቴክኒክ ችግር የለበትም» አለ። አስራ ስምንት! ያችን ቃል ያን ጊዜ ነው የሰማኋት።

«ወንድሜ፣ አስራ ስምንት የቸርኬው ነው» አልሁት። «የእኔ ሞተር ጎማውን ግራና ቀኝ የያዙት ብረቶች ጠባብ ናቸው። ወፍራሙ ሲገባ ብረቱን ይነካል፣ በአንድ ወገን ካቴናውን፣ ሰንሰለቱን ማለቴ ነው፣ ይነካል። ክረምት ነው፣ በጎማውና በብረቱ መሐል ጭቃ የሚያልፍበት ቦታ ያስፈልጋል።»

አንዳርጌ ምን አለኝ? «አንተ ስለ ጭቃ ካነሣህማ ወፍራም ነው ጭቃ የሚረግጥ!»

እንደገና አጨበጨቡ።

ለሁሉም አንድ ቁጥር ተወሰነ። ሰው ባሕር ዳር ተላከ፣ አራት ስልሳ በአስራ ስምንት ተገዝቶ መጣ። ለአንዳርጌ ሞተር በልኩ ገባ፣ እንዴት አይገባ፣ የራሱ ቁጥር ነው። እና አንተ እኩልነት የሚባለውን ነገር ስታስብ ይህን አስብልኝ፤ ለሁሉም በአለቃው ልክ ሲሰፋ ማን እንደሚመቸው።

ታዲያ እኔ ሞተሬን ገፍቼ ወደ ጎሚስታው ወሰድሁ። ጌጡ የሚባል ሰው ነው፣ ደስተኛ ሰው፣ ለምንም ነገር «ይገባል» የሚል። ጫማህን ብታሳየው ሞተሩ ላይ ይገባል የሚልህ።

«ጌጡ፣ ይህ አይገባም።»

«ይገባል።»

«ብረቱን ይነካል እኮ።»

«ይነካና ይለምዳል!»

አስገባው። ነፋው። ጎማውን በእጁ ሊያሽከረክር ሞከረ፣ ጎማው ንቅንቅ አላለም። ግጥም ብሎ ተቀምጧል። ጌጡ ትንሽ አሰበና ቢላዋ አመጣ። «ምን ልታደርግ ነው?» አልሁት። «ጥርሱን ከዳርና ከዳር ልላጨው ነው» አለኝ። አስቡት እንግዲህ! ለጥርሱ ተብሎ የተገዛ ጎማ፣ ጭቃ ይረግጣል ተብሎ የተጨበጨበለት ጎማ፣ ጥርሱ ሊላጭ!

ሮጬ ወደ ቢሮ ተመለስሁና ለአንዳርጌ ነገርሁት። ቀና እንኳ ሳይል «ባለሙያው ካለ ይላጭ» አለኝ። ተላጨ። ዞረ። አንዲት ጣት የማታስገባ ክፍተት ተገኘች። ጌጡ «አላልሁህም?» አለኝና እጁን ጠረገ።

እዚህ ድረስ ያስቃል። ሳቁ፣ ግድ የለም። ከዚህ በኋላ ያለው አያስቅም።

በዚያው ሰሞን ከቆላው ወገን መርጌታ ብርሃኔ የሚባሉ መጡ። የደብራቸው መሪ ናቸው፤ ቅኔ ያስተምራሉ፣ እንደማንኛውም ሰው ደግሞ ያርሳሉ። ጥምጥማቸው በዝናብ ርሶ፣ ጋቢያቸው በጭቃ ተለውሶ ቢሮ በር ላይ ቆሙ። ከእሳቸው ደብር ማዶ ባለው ሰበካ አባ ጎርባ ገብቷል። አባ ጎርባን ታውቃለህ? ወጣቱን ከብት ነው የሚመርጥ፣ የወፈረውን፣ ያማረውን። ማታ ደህና ገብቶ ጠዋት ያነክሳል፣ ጭኑ ያብጣል፣ ስትጫነው ቆዳው ሥር ይንኮሻኮሻል፣ ከዚያ ብዙ አይቆይም።

«ዶክተር፣ ልጄ፣» አሉኝ፣ «እኔ ዘንድሮ ወይፈን አለኝ፣ ቀይ ነው። ገና ቀንበር ማስለመዴ ነው፣ ከጥቁሩ ከአሮጌው ጋር ጠምጄው። ሁለተኛ በሬዬ እሱ ነው። ከእሱ በቀር የለኝም። ድረስልኝ።»

«የኔታ፣ እደርሳለሁ» አልኋቸው።

«መቼ?»

«ከእሑድ በኋላ፣ ማክሰኞ ጠዋት።»

«ይህን በእግዚአብሔር ቤት እናገረዋለሁና አስበህ ንገረኝ» አሉኝ።

ልብ በሉ፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እኛ አገር ክትባት መምጣቱን ሰው የሚሰማው ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ገና ከግቢው ሳይወጣ ነው። መርጌታ ቆመው «ማክሰኞ ከብታችሁን አታውጡ፣ አትጥመዱ» ካሉ ሰው አይጠምድም። ሐምሌ ነው እኮ! ጤፍ የሚዘራበት ወር ነው! ሐምሌ ላይ አንድ ቀን በሬህን አሳርፍ ማለት ቀላል አይደለም። ያን ቃል ነው ሽማግሌው በስማቸው የሚናገሩት።

«ማክሰኞ ጠዋት» አልኋቸው።

ማክሰኞ ገና ሳይነጋጋ በረዶውን በአይስ ቦክስ ሞላሁ፣ ክትባቱን ከበረዶው መሐል አስቀመጥሁ፣ ከኋላዬ አስሬ ወጣሁ። ክትባት ማለት የሚሞቅ ነገር አይደለም፤ ከሞቀ ሞተ፣ ውሃ ነው። እና ደጋው ላይ በደረቁ ኮረኮንች ደህና ሄድሁ። ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ይከብደዋል፣ ግን ይሄዳል። ለራሴ እንኳ «ምናልባት ጌጡ እውነቱን ይሆናል» አልሁ። ይህን ሳልጨርስ ቁልቁለቱ ጀመረ፣ ከቁልቁለቱ ጋር ጥቁሩ ጭቃ ጀመረ።

ያን ጭቃ ታውቁታላችሁ፤ ይይዛል፣ አይለቅም። ጎማው ጭቃውን አንሥቶ ወደ ላይ ይዞት ይዞራል፣ በጎማውና በብረቱ መሐል የሚወድቅበት ቦታ የለም፣ እዚያው ይጠቀጠቃል። ትንሽ ሄጄ ቆመ። ወረድሁ፣ በእንጨት ፈለፈልሁ፣ ተነሣሁ። ትንሽ ሄጄ ቆመ። ወረድሁ፣ ፈለፈልሁ። ሞተር የሚነዳ ሰው አልመስልም፣ ጆሮ የሚጠርግ ሰው ነው የምመስል። አንድ ገበሬ በሬ ጠምዶ ከላይ ሆኖ ያየኛል።

«ዶክተር፣ ምን ሆነ?» አለኝ።

«ጎማው ሰፋ።»

«ጎማ ደግሞ ይሰፋል?»

«ኮሚቴ ከገዛው ይሰፋል!» ብዬ ጮህሁበት። ምን አጠፋ ሰውየው? ምንም። ግን ማን ላይ ልጩህ?

ደግሞ ተነሣሁ። እና አሁን ንዴቴ ስለበረታ ጠበቅ አድርጌ ነዳሁ። በአንድ ወገን ካቴናው የጎማውን ጎን ሲበላ ነበረ ለካ፣ ድምፁን ጭቃው ደብቆታል። ከወንዙ በላይ ካለው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ጎማው ጧ! አለ። ሞተሩ ወደ ጎን ተኛ፣ እኔም አብሬ ተኛሁ። ስነሣ አየሁት፤ የጎማው ጎን ተቀዷል፣ የውስጡ ጎማ እንደ አንጀት ወጥቷል። ይህ የሚጠገን አይደለም።

ሞተሩን እዚያው አቅራቢያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ላገኘሁት ሰው አደራ ብዬ፣ አይስ ቦክሱን ተሸክሜ በእግሬ ቁልቁል ሄድሁ። የሞላው ወንዝ እስኪጎድል ዳር ላይ ተቀመጥሁ። በሞተር ቢሆን ገና ሳይዘንብ፣ ወንዙ ሳይሞላ እሻገረው ነበር። ማክሰኞ አለፈ። ረቡዕ ፀሐይ ከወጣ በኋላ ደረስሁ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ሜዳ አለ። ማክሰኞ ሙሉ ቀን ሰው ከብቱን ይዞ እዚያ ቆሞ ነበር አሉ። እኔ ስደርስ ሜዳው ላይ ፋንድያ ብቻ ነው ያለው። ሰው ሁሉ «አንድ የእርሻ ቀን በከንቱ አስቀሩብን» እያለ ወደ ማሳው ተመልሷል። መርጌታ ብቻ ዋርካው ሥር ቀይ ወይፈናቸውን በገመድ ይዘው ቆመዋል። ከማክሰኞ ጀምረው ነው የቆሙት መሰለኝ።

«መጣህ» አሉኝ።

አይስ ቦክሱን ከፈትሁ። በረዶው ሙቅ ውሃ ሆኗል። ብልቃጡን በእጄ ያዝሁት፣ እንደ እጄ ይሞቃል።

«የኔታ፣ አይሆንም» አልኋቸው። «ሞቋል። ሞቷል።»

«ውጋው።»

«የኔታ፣ ይህ ውሃ ነው፣ ምንም አይጠቅምም።»

«ውሃም ይሁን ውጋልኝ፣ ልጄ።» ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት። «እኔ በዚያች በር ላይ ቆሜ ይመጣል ብያለሁ። ሰው ይይ። መርፌው ገባ ይበሉ። ከዚያ በኋላ የሚሞተው ይሙት፣ እኔ ዋሾ አልባል።»

መርፌ ልወጋላቸው እጄ ሄዶ ነበር። ግን ብወጋ ሁሉም ሰው «ተከተበ» ብሎ ከብቱን ማዶ ከታመመው ጋር ያሰማራል፣ ያ ደግሞ የባሰ ነው። እንቢ አልሁ። እዚያው ፊታቸው ብልቃጡን ሁሉ መሬት ላይ አፈሰስሁት። መርጌታ ፊታቸውን አዞሩ። ወይፈኑን እየጎተቱ ሄዱ፣ እኔን አልረገሙኝም፣ ደህና ሁንም አላሉኝም። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለተኛ ክትባት እስኪመጣ ጠበቅን፣ በረዶ እስኪሠራ ጠበቅን፣ ሞተር ስለሌለ በሰው ሸክም ተላከ። እና እኔ ስመለስ ምን ጠበቀኝ? ግምገማ! «ፕሮግራም ያላሳካ ባለሙያ» ተብዬ ተቀመጥሁ። ያን የተቀደደውን ጎማ ይዤ ገባሁና አንዳርጌ ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት፣ ጭቃው እንዳለ።

«ይኸው አራት ስልሳህ» አልሁት።

አንዳርጌ ጎማውን አገላብጦ አየው። መነጽሩን አወለቀ። «ጎኑ ላይ የተላጨ ይታያል» አለ። «የመንግሥት ንብረት ማነው የላጨው?»

«አንተ ነህ ይላጭ ያልኸው!»

«እኔ ባለሙያው ካለ ነው ያልሁት።» ወደ ኮሚቴው ዞረ። «ስለ ጎማው አቅርቦት የኮሚቴው ውሳኔ ፍትሐዊ እንደነበር ይያዝልን። ሌላኛው ሞተር በተመሳሳይ ጎማ ያለ ችግር እየሠራ ነው።»

ሌላኛው ሞተር የእሱ ነው! የእሱ ነው እኮ፣ እንዳላማው! ኧረ አሁንም ይነደኛል። «ግለ ሂስ አድርግ» አሉኝ። «በምኑ?» አልሁ። «በአያያዝ ጉድለት» አሉኝ። አላደረግሁም። ወጣሁና በሩን ዘጋሁት፣ ሲዘጋ ደህና አድርጎ ጮኸ።

አንተ ደግሞ ጠዋት «አስራ ስምንት ነው ጋሼ» ትለኛለህ። ሂድና የራስህን ሞተር አሮጌ ጎማ አውጣ፣ ጎኑን በጨርቅ ጥረገው፣ የፊተኛውን ቁጥር አንብብ፣ የኋለኛውንም አንብብ። ከተፋቀ ሞተሩ ላይ ፋብሪካው የለጠፈውን ፈልግ። የውስጡንም ጎማ በዚያው ልክ አድርገው። ከዚያ ያንን ያማረህን መልስና በልኩ ያለውን ውሰድ። ጓደኛህ ያደረገውን አትጠይቅ፣ የእሱ ሞተር የአንተ አይደለም።

«እሺ ጋሼ፣ እመልሰዋለሁ። መርጌታስ ግን? ወይፈኑ ተከተበላቸው?»

ሁለተኛው ክትባት ሲደርስ ወይፈኑ ተቀብሮ ነበር። ጥቁሩን በሬ ገበያ አውጥተው ሸጡት፣ ብቻውን ምን ያደርግላቸዋል። መርጌታ በዚያ ዓመት አላረሱም።